ስሙ በጦስኝ ላይ የቀረው የመቅደላ እስረኛ

ሚያዝያ በገባ ቁጥር መቅደላ ትነሣለች። የ1860 ዓ.ም. ጦርነት፣ የአፄ ቴዎድሮስ ፍጻሜ፣ የተዘረፈው ቅርስና የልዑል ዓለማየሁ ነገር ብዙ ስለተባለበት አልደግመውም። እኔን የያዘኝ ከላስታ በስተደቡብ ባለው በዚያ አምባ ከነበሩት አውሮፓውያን ስሙ እምብዛም የማይነሣው ጀርመናዊ ዕፅ ሰብሳቢ፣ ቪልሄልም ሺምፐር ነው። ከሁለቱ የአገራችን ጦስኞች አንዱ በሳይንስ መዝገብ የሚጠራው በእሱ ስም ነው፤ ቲመስ ሺምፐሪ ይባላል።

ሺምፐር ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1837 ነበር። የትግራይንና የሰሜንን ዕፅ እየለቀመ፣ እያደረቀ ወደ ጀርመን ይልካል። እኛ ጠምበለል የምንለው፣ ነጭ አበባው ሽታው የሚያውድ ሐረግ በአውሮፓ መጽሐፍ ስም ያገኘው በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1844 ነው። የዚያ አገር ገዥ ደጃዝማች ውቤ ወደዱት፤ እንትጮን ሾሙት። እዚያው አግብቶ ወለደ። በ1847 ዓ.ም. ውቤ ደረስጌ ላይ በቴዎድሮስ ሲሸነፉ ግን ሹመቱም አብሮ ሄደ።

ክርክሩ ከዚህ ይጀምራል። አንዳንዶች ሺምፐርን ከመቅደላ እስረኞች ይቆጥሩታል። ሌሎች ደግሞ ጋፋት ላይ መድፍ ይሠሩ ከነበሩት የንጉሡ ባለሙያዎች ጋር ያስቀምጡታል። እንደ እንግሊዙ ቆንስል ካሜሮንና እንደ መልእክተኛው ራሳም በእግር ብረት አልታሰረም የሚለው ክርክራቸው ነው። እውነት ነው፤ ግን መሄድ ሲፈልግ መሄድ ይችል ነበርን? አይችልም ነበር። እግሩ ባይታሰርም መንገዱ የተዘጋበት ሰው እስረኛ ነው። ነጻ ሲወጣም ወደ ጀርመን አልተመለሰም። ዓድዋ ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ1878 እስኪሞት ድረስ እዚያው ኖረ። አገራችንን ጠልቶ የኖረ ምርኮኛ እንዲህ አያደርግም።

ጠምበለልን ካነሣሁ አይቀር፣ ቻይናዎች በፉጂያን ግዛት፣ በፉዡ ከተማ፣ የጠምበለል ዘመድ የሆነውን ጃስሚን ከአረንጓዴ ሻይ ቅጠል ጋር ሌሊቱን ያሳድሩታል። አበባው የሚፈካው በምሽት ነው፤ ቅጠሉ ሽታውን ይጠጣል፤ በማግሥቱ አበባው ይነፋና በአዲስ ይተካል። ይህን ሻይ እንደ ቀረፋና ቅርንፉድ ሻያችን ካንተከተኩት ይመራል፤ ሽታውም ይጠፋል። የሚፈልገው 80 ዲግሪ ገደማ የሆነ ውኃና ሁለት ሦስት ደቂቃ ነው። ለምሳሌ ላሊበላ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ጀበናውን አውርዶ ጥቂት ማሳረፍ ይበቃል። የእኛ ጠምበለል ግን ለመጠጥ የሚሆን መሆኑ ስላልተረጋገጠ ማንም እንዳይሞክረው።

ጦስኝም ያው ነው። ከእሳት ከወረደ ውኃ ላይ ጣል አድርጎ መክደን፣ አምስት ደቂቃ መታገሥ። ክዳኑ ከተከፈተ መዓዛው ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል።

ጦስኝ ዛሬ በየገበያው ይሸጣል፤ ቱሪስቱም ይጠይቀዋል። ከ4,200 ሜትር በላይ በሚወጣው በአቡነ ዮሴፍ ተራራና በሌላውም ደጋ የምትለቅሙ ወገኖቼ፣ እባካችሁ በማጭድ እጨዱት፤ ከነሥሩ አትንቀሉት።