ከማድ ቤት ቆሻሻ እስከ አጥንት ጥገና

ባለፈው እንቁላል ሲቀቅሉ ቅርፊቱን የት ጣሉት? ቆሻሻ ውስጥ፣ አይደል? ያ ቅርፊት 95 በመቶ ያህሉ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ዛሬ ተመራማሪዎች ከእሱ የአጥንት ክፍተት የሚሞላ ሴራሚክ ይሠራሉ። ነገሩ አዲስ ይመስላል እንጂ ሥሩ ሩቅ ነው።

መጀመሪያ ችግሩን እንይ። የተሰበረ አጥንት አብዛኛውን ጊዜ ራሱን ይጠግናል። በአደጋ ወይም በዕጢ ምክንያት ሰፊ ክፍተት ሲፈጠር ግን ያቅተዋል። ያኔ ሐኪሞች ከታማሚው ከራሱ ዳሌ አጥንት ወስደው ይሞሉታል። ዘዴው ጥሩ ነው፤ ግን ሁለተኛ ቁስል አለው፣ የሚገኘው አጥንትም ጥቂት ነው። ታዲያ በምን ይተካ?

እ.ኤ.አ. በ1770 ገደማ ስዊድናውያኑ ኬሚስቶች ዮሃን ጋን እና ካርል ሼለ የአጥንት ማዕድን በዋናነት ካልሲየም ፎስፌት መሆኑን አወቁ። በዚያው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እንግሊዝ ውስጥ ጆሳያ ስፖድ የከብት አጥንት አመድ ከሸክላ አፈር ጋር እየቀላቀለ ስስ ሲኒ ይሠራ ነበር። የእርድ ትራፊ ሴራሚክ ሆነ ማለት ነው፤ ለሻይ እንጂ ለበሽተኛ አልነበረም።

በሕክምናው በኩል ጀርመናዊው ድሬስማን በ1892 የአጥንት ክፍተት በጀሶ መሙላቱን ጻፈ። ችግሩ ጀሶ ሰውነት ውስጥ ቶሎ ይሟሟል፤ አዲሱን አጥንት አይጠብቅም። በ1920 ደግሞ አሜሪካዊው ፍሬድ አልቢ ከሞሪሰን ጋር ካልሲየም ፎስፌትን በጥንቸሎች አጥንት ላይ ሞከረ።

ትልቁ እርምጃ በ1974 መጣ። በፔንሲልቬንያ ዴላ ሮይ እና ሳሪ ሊነሃን የባህር ኮራልን ከፎስፌት ውህድ ጋር በሙቀትና በግፊት አብስለው ወደ ሃይድሮክሲአፓታይት ለወጡት። ይህ ከአጥንታችን ማዕድን ጋር በጣም የሚቀራረብ ነው። የኮራሉ ቀዳዳዎችም እንዳሉ ቀሩ። ቀዳዳው ለምን ያስፈልጋል? የደም ሥርና አዲስ የአጥንት ሕዋስ የሚገባው በዚያ ነዋ!

ኮራልም ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ልክ እንደ እንቁላልዎ ቅርፊት። ቅርፊቱ በ900 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲቃጠል ኖራ ይሆናል። ኖራው ከፎስፎሪክ አሲድ ጋር በልኩ ሲዋሃድ ሃይድሮክሲአፓታይት ይወጣል። ልኩ ምንድን ነው? ለ10 የካልሲየም አቶም 6 የፎስፎረስ አቶም። የከብትና የዓሣ አጥንት ደግሞ ገና ከመነሻው ፎስፌት ስለሆነ ሥጋዊው ክፍል ተቃጥሎ ሲጠፋ ማዕድኑ ይቀራል። ከከብት አጥንት የተዘጋጀ መሙያ በጥርስ ሕክምና ዛሬም ይሠራበታል።

እንግዲህ ቅርፊት ፈጭቶ ቁስል ላይ መነስነስ ማለት አይደለም፤ እንዳይሞክሩት! ጥሬ ዕቃው ርካሽ ነው፤ ውዱ ንጽሕናው ነው። ጀርም እንዳይኖረው፣ እንደ እርሳስ ያለ ብረት እንዳይቀላቀልበት፣ እያንዳንዱ ምርትም ከቀደመው ጋር አንድ ዓይነት እንዲሆን መፈተሽ አለበት። ሌላም ነገር አለ፦ ቀዳዳው የበዛ ሴራሚክ እንደ ሲኒው ተሰባሪ ነው፤ የእግርን ክብደት ብቻውን አይሸከምም።

250 ዓመት የፈጀው አጥንት ከምን እንደተሠራ ማወቁ አይደለም፤ ያ ቀድሞ ታውቋል። የፈጀው ያንኑ ነገር ሰውነት እንግዳ ሳይለው እንዲቀበለው ማድረጉ ነው። የሚጣለው ቅርፊት ሁለተኛውን ቁስል የሚያስቀረውም ይህ ሲሟላ ብቻ ነው።