ቃል አልባው ዜማ፦ ስለ ዋልያስ ባንድ «ቼ በለው»

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር በምትገኘው በቡሹሎ ሲዳምኛና አማርኛ ጎን ለጎን ይነገራሉ። የዘፈን ግጥም ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ለመሻገር አስተርጓሚ ያሻዋል፤ ቃል አልባ ዜማ ግን ያለ አስተርጓሚ ይሻገራል። ለዚህ ከሚመሰክሩልን ሥራዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1977 የታተመው የዋልያስ ባንድ ሸክላ፣ «ቼ በለው» ነው።

ቀደም ባሉት ዓመታት፣ በክቡር ዘበኛና በፖሊስ ኦርኬስትራዎች ዘንድ፣ የመሣሪያ ዋና ተግባር ድምፃዊውን ማጀብ ነበር። በ«ቼ በለው» ግን የድምፃዊውን ስፍራ የኃይሉ መርጊያ ኦርጋን ያዘ፤ ሙላቱ አስታጥቄም በቫይብራፎን ተሳተፈ። የግርማ በየነ ድርሰት የሆነው «ሙዚቃዊ ስልት» ባለ አምስት ድምፅ ቅኝታችንን ከጥቁር አሜሪካውያን የፋንክ ምት ጋር አዋሐደ። ቡከር ቲና ጓደኞቹ በ1962 በሜምፊስ ከተማ ብሉዝን ያለ ዘፋኝ፣ በኦርጋን መሪነት አስደምጠው ነበር። የእኛዎቹም በራሳቸው ቅኝት ተመሳሳይ መንገድ ተጓዙ።

ዘመኑ የቀይ ሽብር ዘመን ነበር። የሰዓት እላፊ የያዘው የሆቴል ታዳሚ እስኪነጋ ይቆያል፤ ሙዚቀኛውም እስኪነጋ ይጫወታል። ስንኝ ሁሉ በሳንሱር ጠረጴዛ ላይ ይገላበጥ ነበር። ቃል የሌለው ሙዚቃ ቅርጽ እንጂ ይዘት የለውም የሚሉ አሉ። እኔ ግጥም ጸሐፊ ሆኜ ሳለ ይህን አልቀበልም። ቃል አልባ ዜማ አድማጩ የራሱን ሐዘን፣ ሥጋትና ናፍቆት የሚያኖርበት ክፍት ስንኝ ነው። በዚያ ሌሊት የተቀመጠ ሰው በአፉ ሊናገር ያልደፈረውን በልቡ ሊያዜም ይችል ነበር።

በ1981 ባንዱ ወደ አሜሪካ ለጉብኝት ተጓዘ፤ ኃይሉን ጨምሮ ከአባላቱ አንዳንዶቹ በዚያው ቀሩ። በ1985 ኃይሉ በዋሽንግተን ብቻውን ሆኖ፣ በልጅነቱ የተማረውን አኮርዲዮን ከሲንተሳይዘርና ከምት ማሽን ጋር አዳብሎ «ሸሞንሟናዬ»ን በካሴት ቀዳ። የጓደኞቹ ድምፅ አብሮት አልነበረም፤ ስለዚህም ድምፁ ሳሳ። በአኮርዲዮኑ ትንፋሽ ግን ከኦርጋኑ በፊት የነበረው የአዲስ አበባ ዘመን ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ኃይሉ ለዓመታት ታክሲ እየነዳ ኖረ። በ2013 ያ ካሴት ዳግም ታትሞ ወደ መድረክ መለሰው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ኪቦርዱን በመኪናው ይዞ ይዞር ነበር፤ ደንበኛ በሚጠብቅባት ጊዜ ያወጣና ይለማመዳል።