እመቤት ሆና የገባች፣ አይዳ ሆና የወጣች

ጁሴፔ ቬርዲ «አይዳ» የተሰኘውን ኦፔራ የደረሰው የግብጹ ገዥ ኬዲቭ እስማኤል ባዘዘው መሠረት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የታየውም በካይሮ፣ በታኅሣሥ 1871 ነበር (ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ)። አይዳ የኢትዮጵያው ንጉሥ የአሞናስሮ ልጅ ናት። ተማርካ በግብጽ ቤተ መንግሥት ባሪያ ሆናለች፤ ማንነቷን ደብቃ ትኖራለች፤ ይባስ ብሎም ሀገሯን ሊወጋ የሚዘምተውን የጦር አለቃ ትወድዳለች። በመድረኩ ላይ ድል የሚያደርገው የግብጽ ጦር ነው። ኦፔራውን ያዘዘው ኬዲቭ ግን ጥቂት ዓመታት ቆይቶ እውነተኛ ጦር ወደ እኛ ሰደደ፤ በ1875 ጉንደት ላይ፣ በ1876 ደግሞ ጉራዕ ላይ በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሠራዊት ድል ተመታ። ያንን ገቢር የደረሰው ቬርዲ አልነበረም።

ለረጅም ዘመን አይዳን የተጫወቱት ፊታቸውን ቀለም ቀብተው የሚያጠቁሩ ነጭ ዘፋኞች ነበሩ። እኔ ዛሬ ላነሣት የፈለግኋት ሶፕራኖ ግን ያ ቀለም አላስፈለጋትም። ሊዮንታይን ፕራይስ ቆዳዋ ራሱ የአይዳ ልብሷ እንደነበረ በኩራት ትናገር ነበር።

በየካቲት 1927 በሚሲሲፒ ግዛት፣ ሎረል በምትባል ከተማ ተወለደች። አባቷ በእንጨት መሰንጠቂያ ይሠራ ነበር፤ እናቷ አዋላጅ ነበረች። በዘጠኝ ዓመቷ ማሪያን አንደርሰን በጃክሰን ከተማ ስትዘፍን ሰማች፤ ሕይወቷም ወዴት እንደሚሄድ ያን ቀን ተወሰነ ማለት ይቻላል። ኦሃዮ ተምራ፣ በኒው ዮርክ ጁሊያርድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገባች። በ1955 በቴሌቪዥን «ቶስካ»ን ስትዘፍን አንዳንድ የደቡብ ጣቢያዎች «አናስተላልፍም» አሉ። በ1957 በሳን ፍራንሲስኮ የታመመች ዘፋኝ ተክታ አይዳን ተጫወተች። ከዚያ በኋላ በዚያው ሚና በ1958 ቪየና፣ በ1960 ደግሞ የጣሊያኖቹ ላ ስካላ ተቀበሏት።

ኒው ዮርክ የሚገኘው ሜትሮፖሊታን ኦፔራ በሩን ለጥቁር ዘፋኞች የከፈተው በጥር 1955 ነው። ማሪያን አንደርሰን ጠንቋይ ሆና ገባች፤ በዚያው ወር ሮበርት ማክፌሪን አሞናስሮን፣ የኢትዮጵያን ንጉሥ ሆኖ ገባ። ጥቁር ሰው በዚያ መድረክ ምን እንዲሆን ይፈቀድለት እንደነበረ ከእነዚህ ሁለት ሚናዎች መረዳት አያዳግትም። ስለዚህ በ1958 ሥራ አስኪያጁ ሩዶልፍ ቢንግ ፕራይስን አይዳ ሆና እንድትገባ ሲጋብዛት የሚደንቅ ነገር አልነበረም። የሚደንቀው መልሷ ነው። የቴሌቪዥኑን ኦፔራ ይመራ የነበረው ፒተር ኸርማን አድለር «በዚያ በር ስትገቢ ባሪያ ሳይሆን እመቤት ሆነሽ ግቢ» የሚል ትርጉም ያለው ምክር ሰጣት፤ እርሷም ግብዣውን ሳትቀበል ቀረች።

በደመወዝ የሚተዳደር የባንክ ሠራተኛ እንደመሆኔ ይህን እንቢታ ባሰብሁ ቁጥር እገረማለሁ። ለዘመናት የተዘጋ በር ሲከፈት ብዙዎቻችን ምን ለብሰን እንደምንገባ አንጠይቅም። አይዳን ንቃም አይደለም፤ በቪየናና በሚላኖ የከበረችው በእርሷ ነው። ያስፈራት፣ በሩ ለአይዳ ብቻ ተከፍቶ ለሌላው እንዳይዘጋ ይመስለኛል።

በጥር 27፣ 1961 ገባች፤ ሚናዋም በቬርዲ «ኢል ትሮቫቶሬ» የስፔን ቤተ መንግሥት ወይዘሮ ሊዮኖራ ነበረ። ጭብጨባው አርባ ደቂቃ ገደማ እንደቆየ ተጽፏል። አይዳንም በዚያው የትርዒት ወቅት ዘፈነች፤ አሁን ግን ከበሩ ወዲህ ሆና ነው። በ1966 የሜትሮፖሊታን አዲሱ ሕንጻ ሲመረቅ ሳሙኤል ባርበር የክሊዮፓትራን ሚና ለእርሷ ድምፅ ብሎ ጻፈው። የመድረኩ ማሽን ተበላሽቶ ትርዒቱ ብዙ ተተቸ፤ የእርሷን ድምፅ ግን የነቀፈ አላጋጠመኝም።

ከኦፔራ መድረክ የምትሰናበትበት ጊዜ ሲደርስ አይዳን መረጠች። ዕለቱ ጥር 3፣ 1985፣ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 25 ቀን 1977 ዓ.ም. ነው። በዚያ ሰሞን የኢትዮጵያ ስም በዓለም ቴሌቪዥን የሚነሣው በወሎና በትግራይ ረኀብ ነበር። በዚያ ምሽት ግን በአሜሪካ ቴሌቪዥን አንዲት የሚሲሲፒ ጥቁር ሴት የኢትዮጵያን ንጉሥ ልጅ ሆና ቀረበች። የዚያ ምሽት ፊልም አሁንም ይገኛል።

በሦስተኛው ገቢር አይዳ ሌሊት በአባይ ዳር ብቻዋን ቆማ፣ ሀገሯን ዳግመኛ እንደማታይ እያሰበች ታንጎራጉራለች። እዚህ ላይ አማርኛ አንባቢ፣ ጣሊያናዊ ተመልካች የማያየውን ያያል፤ እርሷ መመለስ ያቃታት ሀገር ውኃው በእግሯ ሥር ያልፋል። ፕራይስ ያን ዜማ ስትጨርስ የ57 ዓመት ሴት ነበረች። ከፍ ያለው ድምፅ ወጣ፤ ቀስ ብሎም ቀጠነና ጠፋ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ፤ ለደቂቃዎችም አላባራ አለ። እርሷ እንባዋን እየታገለች፣ ከአይዳነቷ ላለመውጣት እየጣረች፣ ቆማ ጠበቀች። ጸጥታው ሲመለስ አባቷ፣ የኢትዮጵያ ንጉሥ፣ ገባ።