ኪኒሲዮሎጂ፦ የእንቅስቃሴ ሳይንስና የጡንቻ ፍተሻ

ኪኒሲዮሎጂ የሰው አካል እንዴት እንደሚንቀሳቀስ የሚያጠና የሳይንስ ዘርፍ ነው። ጡንቻ አጥንትን እንዴት እንደሚስብ፣ ነርቭ ጡንቻን እንዴት እንደሚያዝ፣ ልምምድ፣ ጉዳትና እርጅና አካሄዳችንን እንዴት እንደሚለውጡት ይመረምራል። በዚሁ ስም የሚጠራ ሌላም ነገር አለ። ይህኛው የታካሚን ክንድ ወደ ታች በመጫን አለርጂን፣ የቫይታሚን እጥረትን ወይም የውስጥ አካል ሕመምን ማወቅ ይቻላል የሚል አማራጭ የጤና ልማድ ሲሆን፣ ሙሉ ስሙ አፕላይድ ኪኒሲዮሎጂ ነው። ሁለቱ የሚገናኙት በእጅ በሚደረግ የጡንቻ ፍተሻ ላይ ነው፤ የሚለያዩትም እዚያው ነው። (በዚህ መጣጥፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሳይንሱ አመጣጥ

ስለ እንስሳት እንቅስቃሴ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ካዘጋጁት ቀደምት ሊቃውንት አንዱ አርስቶትል ነው። ጥያቄውን በሒሳብ የፈታው ግን ጣሊያናዊው ጆቫኒ አልፎንሶ ቦሬሊ ሲሆን፣ መጽሐፉ መታተም የጀመረው እሱ ከሞተ በኋላ በ1680 ነበር። ቦሬሊ ያሳየው ነገር ዛሬም ተማሪዎችን ያስደንቃል። ጡንቻዎቻችን ከምንሸከመው ክብደት እጅግ የበለጠ ኃይል ያወጣሉ። ክርኑን በቀኝ ማዕዘን አጥፎ 5 ኪሎ ስኳር በመዳፉ የያዘ ሰውን እንውሰድ። ስኳሩ ከክርኑ 35 ሴንቲ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ክንዱን የሚያጥፈው ጡንቻ ግን አጥንቱን የሚስበው ከክርኑ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ርቆ ነው። ስለዚህ ጡንቻው የክንዱ የራሱ ክብደት ሳይታሰብ የ35 ኪሎ ያህል ኃይል ማውጣት ይኖርበታል። በዚህ ወጪ የሚገኘው ትርፍ ፍጥነት ነው፤ ጡንቻው በጥቂቱ ሲያጥር እጅ ብዙ ርቀት ይጓዛል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፎቶግራፍ መጣ። ኤድዋርድ ማይብሪጅ በ1878 በካሊፎርኒያ የጋላቢ ፈረስ ተከታታይ ፎቶዎችን አንስቶ አራቱም ኮቴዎች በአንድ ጊዜ ከመሬት የሚነሡበት ቅጽበት እንዳለ አረጋገጠ። በፈረንሳይ ኤቲየን ዡል ማሬ የሰውን እርምጃ በአንድ የፎቶ ሰሌዳ ላይ ደራርቦ ቀረጸ። በጀርመን ብራውነና ፊሸር በ1890ዎቹ የእርምጃን ኃይሎች በሦስት አቅጣጫ አሰሉ። የዘርፉ ስም የወጣው ግን ከላቦራቶሪ ሳይሆን ከስዊድን የጂምናስቲክ ትምህርት ቤት ነው። ፔር ሄንሪክ ሊንግ በ1813 በስቶክሆልም ያቋቋመው ተቋም ተከታዮች ናቸው ስሙን ያስለመዱት።

ከዘርፉ ጥናቶች ሁሉ ይበልጥ ሊታወቅ የሚገባው በ1920ዎቹ ሞስኮ ውስጥ ኒኮላይ በርንስታይን በቀጥቃጮች ላይ ያደረገው ነው። ሠራተኞቹ መዶሻ አንሥተው ብረት ሲመቱ በልዩ ካሜራ ቀረጻቸው። የሠለጠነ ቀጥቃጭ እያንዳንዱን ምት አንድ ዓይነት አድርጎ እንደሚደግም ይታሰብ ነበር። ምስሉ ያሳየው ሌላ ነው፤ ትከሻው፣ ክርኑና አንጓው በየምቱ ትንሽ ትንሽ ይለያያሉ፤ የመዶሻው ጫፍ ግን ያው ቦታ ያርፋል። አንዱ መገጣጠሚያ ሲያጎድል ሌላው ያካክሳል ማለት ነው። አእምሮ ይህን ሁሉ መገጣጠሚያ በአንድ ጊዜ እንዴት ይመራል የሚለው የበርንስታይን ጥያቄ እስከ ዛሬ የዘርፉ ዋና ጥያቄ ሆኖ ቀጥሏል።

የጡንቻ ውስጣዊ አሠራርም ቀስ በቀስ ተገለጠ። እንግሊዛዊው አርቺባልድ ሂል በጡንቻ ሙቀት ላይ ባደረገው ምርምር የ1922 የኖቤል ሽልማትን ከኦቶ ማየርሆፍ ጋር ተካፈለ። በ1954 ደግሞ ሁለት የምርምር ቡድኖች ጡንቻ የሚያጥረው በውስጡ ያሉት ቀጫጭን ክሮች እርስ በርስ እየተንሸራተቱ እንደሆነ አሳዩ። በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ በ1967 በኪኒሲዮሎጂ ስም የመጀመሪያ የተባለውን የትምህርት ክፍል ከፈተ። በኦንታሪዮ ግዛት ከ2013 ጀምሮ ኪኒሲዮሎጂስትነት በሕግ የሚመዘገብ የጤና ሙያ ነው።

ኢትዮጵያ ለዚህ ሳይንስ ሁለት ነገር አበርክታለች። አንደኛው በ1974 በአፋር ሐዳር የተገኘችው ሉሲ (ድንቅነሽ) ናት። የዳሌዋና የጉልበቷ አጥንቶች ከ3 ሚሊዮን ዓመት በፊት በሁለት እግር ይሄዱ የነበሩ ፍጡራን እንደነበሩ ይመሰክራሉ፤ አካሄዷ ምን ይመስል ነበር የሚለው ክርክርም ከአጥንት ሊቃውንት እኩል የእንቅስቃሴ ተመራማሪዎችን አሰልፏል። ሁለተኛው የረጅም ርቀት ሯጮቻችን ናቸው። ኃይሌ ገብረሥላሴ በልጅነቱ አርሲ ውስጥ ደብተሩን በግራ ብብቱ ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ይሮጥ ነበር፤ በዓለም አደባባይ ሲሮጥም ግራ ክንዱ እንደታጠፈ መቅረቱን ያየ ሁሉ ያስታውሳል። ሰውነት በልጅነት የለመደውን እንዴት እንደሚይዝ ከዚህ የተሻለ ማሳያ ማግኘት ይከብዳል።

ጡንቻን በእጅ መፈተሽ

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፖሊዮ በአሜሪካ ብዙ ሕፃናትን ሽባ ያደርግ ነበር። የቦስተኑ የአጥንት ሐኪም ሮበርት ሎቬትና ረዳቱ ዊልሄልሚን ራይት የትኛው ጡንቻ እንደደከመ፣ ምን ያህል እንደቀረው በእጅ የመፈተሽ ሥርዓት አወጡ፤ ራይት በ1912 አሳተመችው። ዛሬ በሆስፒታሎች የሚሠራበት ከ0 እስከ 5 የሚደርስ መለኪያ በብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት በ1943 የታተመው ነው። 0 ማለት ምንም መኮማተር የለም፤ 1 ጡንቻው ብልጭ ይላል እንጂ እጅና እግር አያንቀሳቅስም፤ 2 የመሬት ስበት ሲነሣለት ይንቀሳቀሳል፤ 3 ስበትን ያሸንፋል፤ 4 የመርማሪውን ግፊት በከፊል ይቋቋማል፤ 5 ጤነኛ ነው።

ሥራው ሲታይ ቀላል ይመስላል። ታካሚው ወንበር ላይ ተቀምጦ ክንዱን ወደ ጎን እስከ ትከሻው ከፍታ ያነሣል። ፊዚዮቴራፒስቱ በአንድ እጁ ትከሻውን ይደግፋል፣ ሌላውን ከክርኑ በላይ ያስቀምጣል፤ ከዚያ ግፊቱን በድንገት ሳይሆን ቀስ እያለ ይጨምራል፤ በመጨረሻም ከሌላው ክንድ ጋር ያነጻጽራል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ያስፈለገው ውጤቱ በቀላሉ ስለሚዛባ ነው። በተለይ 4ን ከ5 መለየት እጅ ብቻውን የማይችለው ነገር በመሆኑ፣ ትክክለኛ ቁጥር ሲፈለግ ግፊቱን በኒውተን የሚያነብ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ይጨመራል። ፍተሻው የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህ ጡንቻና ይህን ጡንቻ የሚያዘው ነርቭ እንዴት እንዳሉ።

የጉድሃርት መንገድ

ጆርጅ ጉድሃርት (1918–2008) በዲትሮይት የሚሠራ የካይሮፕራክቲክ (አከርካሪን በእጅ የማስተካከል አማራጭ ሕክምና) ባለሙያ ነበር። በ1964 የትከሻ አጥንቱ ወደ ኋላ የወጣበት ሰው መጣለት። ጉድሃርት የትከሻ አጥንቱን የሚይዘው ጡንቻ ከጎድን አጥንት ጋር የሚያያዝባቸውን ቦታዎች በጣቱ አጥብቆ ሲያሸ ጉልበቱ ወዲያው እንደተመለሰ ተናገረ። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ስለ ጡንቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን እያንዳንዱ ጡንቻ ከአንድ የውስጥ አካልና ከቻይና ባህላዊ ሕክምና የኃይል መስመሮች ጋር የተያያዘ ነው አለ፤ የአንዱ ጡንቻ መድከም የሆድ፣ የሌላው የኩላሊት ችግር ምልክት ሆነ። ሌላው የካይሮፕራክቲክ ባለሙያ ጆን ቲ በ1973 ዘዴውን ለማንኛውም ሰው በሚሆን መልክ አቅልሎ ባሳተመው መጽሐፍ ልማዱ ከክሊኒክ ወደ ሳሎን ወጣ።

በተለመደው አሠራር ታካሚው ቀኝ ክንዱን ይዘረጋል፣ በግራ እጁ የተጠረጠረውን ነገር የያዘ ብልቃጥ ይይዛል ወይም ደረቱ ላይ ያደርጋል። መርማሪው በሁለት ጣት አንጓውን ይጫናል። ክንዱ ከወረደ ሰውየው ለዚያ ነገር “ደካማ” ነው ይባላል። ሕፃን ከሆነ እናቱ በአንድ እጇ ልጇን ይዛ በሌላው ክንዷ እንድትፈተንለት ይደረጋል። በዚህ ጊዜ ከጡንቻና ከነርቭ ጋር የነበረው የመጨረሻ ገመድም ተበጥሷል፤ የእናት ትከሻ የልጅን አንጀት የሚያውቅበት መንገድ በሰውነት ውስጥ የለም።

ሙከራዎቹ ምን አሳዩ?

ጥያቄው ቀላል ነው። መርማሪውም ታካሚውም ብልቃጡ ውስጥ ያለውን ባያውቁ ክንዱ ያው መልስ ይሰጣል? በ1988 በአሜሪካ የሥነ ምግብ ባለሙያዎች መጽሔት በታተመ ጥናት ሦስት ልምድ ያላቸው መርማሪዎች 11 ሰዎችን ለቫይታሚን ኤ፣ ለቫይታሚን ሲ፣ ለቲያሚንና ለዚንክ ለየብቻ ፈተሹ። እርስ በርሳቸው አልተስማሙም፤ ከላቦራቶሪ ውጤትም ጋር አልተስማሙም። በ2001 በጀርመን ለተርብ መርዝ አለርጂ ያለባቸው ሰዎች መርዙን ከያዘና ካልያዘ ብልቃጥ ጋር ተፈተሹ፤ የመርማሪዎቹ ግምት በዕድል ከሚገኘው አልተሻለም። በ2005 የጥርስ መሙያ ቁሳቁሶች በዚሁ መንገድ ሲፈተኑም ውጤቱ ተመሳሳይ ሆነ።

የኦሪገን ዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቦና ምሁር ሬይ ሃይማን የተገኘበት ሙከራ ደግሞ ነገሩን ከቅርብ ያሳያል። የካይሮፕራክቲክ ባለሙያዎች፣ በተፈታኞች ምላስ ላይ “መጥፎ” የሚሉት ግሉኮስ ሲንጠባጠብ ክንድ እንደሚወርድ፣ “ጥሩ” የሚሉት ፍሩክቶስ ሲሆን እንደሚጸና አሳዩት፤ ያኔ ሁሉም የትኛው የትኛው እንደሆነ ያውቁ ነበር። ጠብታው በማይታወቅ ኮድ ሲቀርብ ግን ልዩነቱ ጠፋ። ባለሙያዎቹ ሐሰተኞች አልነበሩም፤ ያዩትን ከልባቸው ያምኑ ነበር። ይህን መረዳት ያስፈልጋል፤ አብዛኞቹ እንዲህ የሚፈትሹ ሰዎች ታካሚያቸውን ለመርዳት የሚፈልጉ ናቸውና።

ታዲያ ክንዱን ማን ያወርደዋል?

መልሱን ራሱ የእንቅስቃሴ ሳይንስ ይሰጣል። አንደኛ፣ የግፊቱ ቦታ። በርን ከማጠፊያው አጠገብ ከመግፋት በእጀታው በኩል መግፋት እንደሚቀል ሁሉ፣ ከትከሻ 30 ሴንቲ ሜትር ርቆ ክርን ላይ ያረፈ 50 ኒውተን 15 ኒውተን ሜትር ሲጠመዝዝ፣ 55 ሴንቲ ሜትር ርቆ አንጓ ላይ ያረፈው ያው ግፊት ከ27 በላይ ይጠመዝዛል። እጅ ጥቂት ጣት ያህል ወደ ፊት ቢንሸራተት ማንም አያስተውልም። ሁለተኛ፣ ጊዜ። ጡንቻ ሙሉ ኃይሉን ለማውጣት ከሰከንድ ጥቂት ክፍልፋይ ይፈልጋል፤ ታካሚው ሳይዘጋጅ ቀድሞ የተጫነ ሰው ያሸንፋል። ሦስተኛ፣ ድካም፤ ደጋግሞ የተዘረጋ ትከሻ በኋላኛው ፍተሻ ይላላል።

ከሁሉ የሚያይለው ግን የሚጠበቀው ነገር ነው። ዊልያም ካርፔንተር በ1852 ሐሳብ ብቻውን ሰውየው ሳያውቀው ጡንቻን እንደሚያንቀሳቅስ ገለጸ። በ1907 ኦስካር ፕፉንግስት በርሊን ውስጥ ሒሳብ ያሰላል የተባለውን ሃንስ የተሰኘ ፈረስ መርምሮ፣ ፈረሱ በሰኮናው መምታቱን የሚያቆመው ጠያቂው ሳያውቀው በሚያሳየው ጥቃቅን የራስ እንቅስቃሴ እየተመራ እንደሆነ አረጋገጠ፤ ጠያቂው መልሱን በማያውቅ ጊዜ ፈረሱም አያውቅም ነበር። ክንድ ሲፈተሽ ደግሞ ሁለት ሰዎች ናቸው እርስ በርስ የሚመራሩት።

ጉዳቱ የሚመጣው ውጤቱ ምግብና መድኃኒት ሲወስን ነው። ወተት፣ እንቁላልና ስንዴ በአንድ ከሰዓት የተከለከለ ልጅ በዕድገቱ ሊጎዳ ይችላል፤ በተቃራኒው እውነተኛ የለውዝ አለርጂ ያለበት ሰው ክንዱ ስላልወረደ “ደህና ነህ” ቢባል ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። የአሜሪካ ብሔራዊ የአለርጂና የተላላፊ በሽታዎች ተቋም የ2010 መመሪያ ይህን ፍተሻ ለምግብ አለርጂ ምርመራ እንዳይውል መክሯል። የብሪታንያው ናይስ የተባለ የጤና ተቋምም በ2011 ስለ ሕፃናት የምግብ አለርጂ ባወጣው መመሪያ በግልጽ ከልክሎታል። በሁለቱም መመሪያዎች መሠረት ምርመራው የሚጀምረው ስለ ሕመሙ ታሪክ በዝርዝር በመጠየቅ ነው፤ ከዚያ ቆዳን በመርፌ በመውጋት የሚደረግ ምርመራ ወይም የደም ምርመራ ይከተላል። ጥርጣሬ ከቀረ የድንገተኛ መድኃኒት በተዘጋጀበት ክሊኒክ፣ በሐኪም ዓይን ሥር፣ የተጠረጠረው ምግብ ከትንሽ ጀምሮ መጠኑ እየተጨመረ ይቀመሳል። በክንድ ፍተሻ ምክንያት ምግብ ያቋረጠ ሰውም የተዋቸውን ምግቦች መልሶ የሚጀምረው በዚሁ መንገድ ነው።