ግብር ይከፈላል፤ ግብር ይበላል፤ ልጆችስ?

አማርኛችን «ግብር» የምትለውን አንዲት ቃል ለሁለት ነገር ያውላታል። ገበሬው ለመንግሥት የሚያገባው ግብር ነው፤ ንጉሡ በአዳራሽ ሰብስቦ የሚያበላውም ግብር ነው። በአንዱ በር ማር፣ እህልና ሰንጋ ሆኖ የገባው ሀብት በሌላው በር ጠጅ፣ እንጀራና ብርንዶ ሆኖ ይቀርብ ነበር። ይሁንና በዳግማዊ ምኒልክ የግብር አዳራሽ መኳንንቱ በየማዕረጋቸው፣ ሠራዊቱም በየተራው ይቀመጥ ነበር እንጂ ልጅ በልጅነቱ ብቻ የሚጠራበት ተራ አልነበረም።

የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ከዚያ ከጎደለው ተራ ይነሣል። ትምህርት ቤት በሚዘጋበት በክረምት ወራት የድኻ ልጆችን ከግብር ከፋዩ ገንዘብ ማብላት ይገባል ወይስ አይገባም?

ጥያቄው ከፈረንጅ አገር የመጣ የሚመስለው ይኖር ይሆናል። ከባሕር ዳር ወደ መርዓዊ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን መሸንቲን በነሐሴ ያሰበ ግን እንዲህ አይልም። በዚያ ወር የጣና ዳርቻም ሆነ የምዕራብ ጎጃም ምድር ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ነው። በቆሎው ተመዟል፤ ዳጉሳው ማሳውን ሸፍኗል። መንገደኛው ጥጋብ ያየ ይመስለዋል። ነገር ግን የድኻው ጎተራ ባዶ የሚሆነው በዚሁ ጊዜ ነው። ያምናው እህል ተሟጥጧል፤ የዘንድሮው ለእሸት አልደረሰም። የትምህርቱ ዘመንም በሰኔ አብቅቶ የሚቀጥለው በመስከረም ነው። ስለዚህ በእኛ አገር የተማሪ ዕረፍትና የድኻ ረሃብ አንድ ወቅት ላይ ይገናኛሉ።

ምዕራብ ጎጃም ትርፍ አምራች እየተባለ የሚጠራ አገር ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 46 ከመቶ የሚሆኑት የቀነጨሩ ነበሩ፤ የአገሪቱ አማካይ ደግሞ 38 ከመቶ ነበር። መቀንጨር ልጅ ለትምህርት ከመድረሱ በፊት የሚጀምር ጉዳት በመሆኑ የተማሪ ምሳ ብቻውን አያድነውም። ነገር ግን ቁጥሩ አንድ ነገር ያስረዳል፤ የአገር እህል መትረፉና የልጅ ሆድ መጥገቡ አንድ አይደሉም።

ለመሆኑ ጎጃም የሰው ልጅ ማብላትን ከማን ተማረ? ከማንም አልተማረም። ቅኔ ፍለጋ ከሩቅ አገር እየመጣ በዋሸራና በጎንጅ ጉባኤ ቤቶች ዙሪያ ጎጆ ቀልሶ የኖረውን የቆሎ ተማሪ ያበላው የመንደሩ ሰው ነው። ልጁ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ለውሻ የሚሆን በትሩን ይዞ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ባለቤቲቱ ያላትን ቁራሽ ትሰጠዋለች። የማን ልጅ እንደሆነ፣ አባቱ ለምን እንዳላበላው አትመረምርም። የቤተ ክህነቱ ትምህርት ለብዙ መቶ ዓመታት የቆየው በጉልት መሬት ብቻ ሳይሆን በዚህ ቁራሽ ጭምር ነው። ይህን ስንል ኑሮውን ለማሳመር አይደለም፤ ተማሪው ቀፈፋ ወጥቶ ባዶ አኩፋዳ ይዞ የሚመለስበት፣ ውሻ የሚነክሰው፣ ረሃብና በሽታ የሚጥለው ጊዜ ብዙ ነበር። በተለይም የሰጪው ጎተራ ሲጎድል የተቀባዩ አኩፋዳ አብሮ ይጎድላል። የምጽዋት ትልቁ ድካሙም እዚህ ላይ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላው ግብር፣ ወደሚከፈለው እንመለስ። በ1940 ዓ.ም. መንግሥት በመሬት ላይ የትምህርት ግብር ጣለ። ገበሬው ከፈለ፤ ትምህርት ቤቱ ግን ለብዙው የገጠር ልጅ በከተማ የሚታይ ነገር ሆኖ ቀረ። በ1960 ዓ.ም. አሥራት ተሽሮ የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የጎጃም ገበሬ «መሬቴ ሊለካ፣ ርስቴ ሊነካ ነው» ብሎ ተነሣ። ጦር ዘመተበት፤ ደም ፈሰሰ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሥተው፣ ውዝፉ ግብር ተማረ።

እንግዲህ አንድ ሕዝብ ለማያውቀው ልጅ በየቀኑ ቁራሽ ሲሰጥ ኖሮ ለመንግሥት ግብር ሲጠየቅ ጠመንጃ ማንሣቱ ምን ይባላል? ንፉግ ነው እንዳይባል በደጁ ያደገው ተማሪ ይመሰክርለታል። ልዩነቱ ከርስቱ ሥጋት ሌላ፣ የሰጠው ነገር የት እንደገባ ማየቱና አለማየቱ ላይ ነው። ቁራሹ በዓይኑ ፊት የልጅ አፍ ውስጥ ገብቷል። ግብሩን ግን ማን እንደሚበላው ለማወቅ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ማስታወስ ይበቃዋል።

ዘመናዊው መንግሥት ማብላት የጀመረው ከላይ ነው። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ከተከፈተ ወዲህ የኮሌጅ ተማሪን መመገብ የተለመደ ወጪ ሆነ። በ1996 ዓ.ም. ወጪ መጋራት ቢመጣም ምግቡ አልቀረም፤ በ2017 ዓ.ም. ለአንድ ተማሪ የሚመደበው የቀን በጀት ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ተደርጓል። ስለዚህ የመሸንቲ ልጅ ፈተናውን አልፎ ዩኒቨርሲቲ ቢደርስ መንግሥት ያበላዋል። ጥያቄው እዚያ እስኪደርስ ማን ያብላው ነው።

ለታናናሾቹ የተጀመረው ዘግይቶ፣ ያውም በውጭ እርዳታ ነበር። የዓለም የምግብ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1994 በትግራይ በ40 ትምህርት ቤቶች ምገባ ጀምሮ በኋላ አማራን ጨምሮ ወደ ሌሎች ክልሎች አስፋፋው። አዲስ አበባ በ2012 ዓ.ም. በራሷ በጀት ወደ 300,000 ለሚጠጉ ተማሪዎች ቁርስና ምሳ ማቅረብ ስትጀምር፣ ግብር ከፋዩ ልጅ ያብላ ወይስ አያብላ የሚለው ክርክር በመሠረቱ ተቆረጠ። የቀረው የቦታና የወቅት ጥያቄ ነው። የትምህርት ቤት ምገባ በባሕርዩ ከደወሉ ጋር የታሰረ ነው፤ ደወሉ ሲቆም ምጣዱም ይቀዘቅዛል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራምም ለሕዝባዊ ሥራ የሚከፍለው በአብዛኛው ከጥር እስከ ሰኔ ነው። ከዚያም በላይ የታቀደው ለምግብ እጥረት በተጋለጡ ወረዳዎች በመሆኑ፣ በትርፍ አምራች ወረዳ ውስጥ ያለው ድኻ ከቁጥር ውጭ ይሆናል።

ይህ ክፍተት የእኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. የ1906 ሕግ የከተማ ምክር ቤቶች ከአካባቢ ግብር ተማሪ እንዲያበሉ ፈቀደ። በ1907 በብራድፎርድ ከተማ ልጆቹ እየተመዘኑ ሲመገቡ ክብደት ጨመሩ፤ ለበዓል ዕረፍት ምግቡ ሲቋረጥ ቀነሱ። ክርክሩን የረታው ሚዛኑ ነው፤ በ1914 በወጣው ሕግ በዕረፍት ቀናትም ማብላት ተፈቀደ።

«ልጅን ማብላት የወላጅ ነው» የሚለው ተቃውሞ ክብደት አለው። መንደሩ ግን የቆሎ ተማሪን ሲያበላ ወላጁን ከኃላፊነት ማውጣቱ አልነበረም፤ የጎደለውን መሙላቱ ነበር። «ገንዘቡ ከየት ይምጣ?» የሚለውም ተገቢ ጥያቄ ነው። ሆኖም ለ20 ዓመቱ ወጣት በጀት ያገኘ መንግሥት ለ8 ዓመቱ ልጅ ሁለት ወር አጣሁ ቢል አያሳምንም። ከሁሉም የሚከብደው ሦስተኛው ነው፤ ልጆቹ በክረምት ከብት ጥበቃና አረም ላይ ናቸው፤ ከሩቅ ትምህርት ቤት ድረስ አይመጡም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች መዘጋታቸውም የልጅን ምግብ ከትምህርት ቤት በር ጋር ብቻ ማሰር ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ አሳይቷል።

ስለዚህ በእኔ እምነት መልሱ «ይገባል» ነው፤ ነገር ግን እንደ አኩፋዳው ወደ ልጁ መቅረብ አለበት። እህሉ ከዚያው ከትርፍ አምራቹ ገበሬ ይገዛ፤ በየጎጡ የመንደሩ እናቶች ተከፍሏቸው ያብስሉት፤ የገባውና የወጣው በሕዝብ ስብሰባ ይነበብ። በ1960 ዓ.ም. ጎጃም ያስተማረን፣ ሰው የት እንደገባ የማያየውን ግብር በፈቃዱ እንደማይከፍል ነው። የከፈለው ግብር በነሐሴ በጎረቤቱ ልጅ ሳህን ላይ ቢታየው ግን ቁራሹን እንዳልነፈገ ሁሉ ይህንንም የሚነፍግ አይመስለኝም።