የሐይቅ እስጢፋኖስ መጻሕፍትና ያለ ዋጋ የሚገኝ ንባብ

አባ ኢየሱስ ሞዐ በ1248 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ነው) ከደብረ ዳሞ መጥተው በሐይቅ እስጢፋኖስ ትምህርትን ባቋቋሙ ጊዜ፣ ተማሪ መጽሐፍ ይገዛ ዘንድ የሚታሰብ አልነበረም። አንድ ትልቅ መጽሐፍ ብዙ የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ይፈጃል፤ ቆዳው ይወጠራል፣ ይፋቃል፣ ይሰመራል፤ ቁም ጸሐፊውም ወራት ይደክምበታል። ስለዚህ መጽሐፉ አንድ፣ ተማሪው ብዙ ነበረ። መምህሩ ዋጋ ሳይቀበል ያስተምራል፤ ተማሪውም ቁራሽ ለምኖ እያደረ ቃሉን በልቡ ይይዛል።

ለዚያ ዘመን ዋናው ምስክር በ1280/81 የተጻፈው የኢየሱስ ሞዐ ወንጌል ነው። ይህ መጽሐፍ ወንጌል ብቻ ሳይሆን የገዳሙም መዝገብ ነው፤ ታደሰ ታምራት በ1970 ስለ ሐይቅ አበምኔቶች ባሳተሙት ጥናት የተጠቀሙበትም ስለዚሁ ነው። በ1531 የኢማም አሕመድ ጦር የገዳሙን ሀብት ሲወስድ መጽሐፉ ተርፏል። እንዲህ ያሉትን መጻሕፍት ከደብራቸው የሚያወጣ እንዲወገዝ መጻፍ የቆየ ልማድ ነው። ግዝቱ ግን ለብራናው ነው ወይስ ለቃሉ?

ይህ ጥያቄ በ1973 ሥራ ላይ ዋለ፤ ይኸውም ከቤተ ክህነት ጋራ በመስማማት የአገራችንን ብራናዎች በማይክሮፊልም ማንሣት በተጀመረ ጊዜ ነው። 9,000 ያህል መጻሕፍት ተነሡ፤ የሐይቁ ወንጌል ቍጥር 1832 ነው። ቅጂው በሚኒሶታ ተቀመጠ፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ከ1976 ጀምሮ በዚያ ሆነው ዝርዝሩን በትዕግሥት አዘጋጁ። ዛሬ ከፊልሞቹ ብዙዎቹ በኢንተርኔት ላይ ያለ ክፍያ ይነበባሉ፤ የሚጠየቀው ስምን ማስመዝገብ ብቻ ነው። በ2021 መጨረሻ ጦርነቱ ሐይቅንና ደሴን በያዘ ጊዜ፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲም በተዘረፈ ጊዜ፣ ሌላ ቅጂ በሩቅ መኖሩ ምን ያህል እንደሚጠቅም ታየ።

ይሁን እንጂ ነገሩ አልተቃናም። የታሪክ ተማሪ የሚያስፈልገው የታደሰ ታምራት የ1972 መጽሐፍ በኦክስፎርድ በእንግሊዝኛ የታተመ፣ ዋጋውም ለተማሪ የማይቀመስ ነው፤ ምንጩ በነጻ፣ ትርጓሜው በገንዘብ ሆነ ማለት ነው። በእኔ አስተያየት ከዚህ የሚብሰው ሌላው ነው፤ የዝርዝሩ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው። ምስሉን በስልኩ የሚከፍት የኮሌጅ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ግእዝ አያነብም፤ ግእዙን የሚያነቡት የሐይቅ ዳር መምህር ደግሞ ምስሉ የት እንዳለ የነገራቸው ሰው የለም።