ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ፦ የስቶክሆልሟ መርከብ

ስቶክሆልም ላይ ሁለት ቀን ብቻ ያለው ሰው ምን ቢያይ ይሻለዋል? ይህን ጥያቄ ለማንም የከተማዋ ሰው ብታቀርቡ የምታገኙት መልስ ትንሽ ግራ ያጋባል። ፓሪስ ማማዋን ታሳያለች፣ ሮም ኮሎሲየሟን። የስዊድን ዋና ከተማ ግን እንግዳዋን እጁን ይዛ የምትወስደው፣ ከወደብ ተነሥታ 1,300 ሜትር ያህል ከሄደች በኋላ ወደሰጠመች መርከብ ነው። ቤቷ ያሳደረችኝ የአክስቴ ልጅም ያለችኝ ይህንኑ ነው፦ «ሌላው ይቅርብህ፤ ቫሳን ሳታይ እንዳትሄድ።»

አየኋት። በእርግጥ ታምራለች። ከአእምሮዬ አልወጣ ያለው ግን ማማሯ አይደለም። ይቺ መርከብ እንደምትገለበጥ ከመነሣቷ በፊት የጠረጠሩ ሰዎች ነበሩ፤ ሆኖም ለመነሣት በቃች። ታሪኩን በደንብ ለመረዳት ደግሞ ከሙዚየሙ አትጀምሩ። ከአሮጌው ከተማ ከጋምላ ስታን ጀምሩ።

በጋምላ ስታን መሀል ስቱርቶርየት የሚባል ትንሽ አደባባይ አለ። ዙሪያውን ቀይና ቢጫ ቀለም የተቀቡ ጠባብ ቤቶች ቆመዋል፤ ፎቶ የማያነሣ ሰው የለም። (እዚህ ላይ የማወራው ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) በኅዳር 1520 የዴንማርኩ ንጉሥ ዳግማዊ ክርስቲያን ከ80 እስከ 100 የሚገመቱ መኳንንትን፣ ጳጳሳትንና የከተማ ሰዎችን አንገታቸውን ያስቀላው እዚሁ ነው። ከሟቾቹ አንዱ ልጁ ጉስታቭ ቫሳ የሚባል ሰው ነበር። ያ ልጅ አመፅ አስነሥቶ በ1523 የስዊድን ንጉሥ ሆነ። መርከቧ ስሟን የወሰደችው ከዚሁ ቤተሰብ ነው፤ ያሠራትም የጉስታቭ ቫሳ የልጅ ልጅ፣ ዳግማዊ ጉስታቭ አዶልፍ ነው።

ጉስታቭ አዶልፍ ጦርነት ላይ ነበር። ጠላቱ የፖላንዱ ንጉሥ ሲጊስሙንድ ሲሆን የገዛ አጎቱ ልጅ ነው፤ የስዊድን ዙፋን ለኔ ይገባኛል ይል ነበር። ስለዚህ መርከቧ የምትዋጋ ብቻ ሳትሆን የምትናገርም መሆን ነበረባት። ማን እውነተኛው ንጉሥ እንደሆነ ለባሕሩ ሁሉ ማሳየት ይጠበቅባታል። 64 መድፎች በሁለት ፎቅ ተደረደሩባት። በመቶዎች በሚቆጠሩ የእንጨት ቅርጾች አሸበረቀች፤ አንበሶች፣ የሮም ነገሥታት፣ መላእክት፣ ሁሉም በደማቅ ቀለም የተቀቡ ናቸው። ርዝመቷ 69 ሜትር ነው። ዋናው ሠሪ ሆላንዳዊው ሄንሪክ ሂበርትሶን ሥራው ሳያልቅ በ1627 ሞተ፤ ሌላ ሰው ተረከበው። ንጉሡ ደግሞ ከጦር ሜዳ ሆኖ «ቶሎ አድርሱልኝ» እያለ ደብዳቤ ይልካል።

በዚያ ዘመን አንድ መርከብ ውሃ ላይ ሚዛኑን ይጠብቅ እንደሆነ አስቀድሞ የሚሰላበት ቀመር አልነበረም። ሠሪው በልምድ ነው የሚሠራው። ፈተናውም ቀላል ነው፤ 30 ሰዎች የላይኛው ወለል ላይ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው አብረው ይሮጣሉ፣ መርከቧ ምን ያህል እንደምትዋልል ይታያል። ቫሳ ወደብ ላይ እንደታሰረች ተፈተነች። ሰዎቹ አንዴ ሮጡ፣ ሁለቴ ሮጡ። በሦስተኛው መርከቧ ክፉኛ ስትወዛወዝ አድሚራል ክላስ ፍሌሚንግ አስቆማቸው፤ ሩጫው ቢቀጥል እዚያው መገልበጧ ነው።

እና ከዚያ ምን ሆነ? ምንም! ዮራን ማትሶን የሚባል መርከበኛ ነገሩ እንዳላማረው ለአድሚራሉ ተናግሯል። የተሰጠው መልስ፣ ሠሪው ከዚህ በፊትም መርከብ ሠርቶ ያውቃል፣ አትጨነቅ የሚል ነበር። አድሚራሉም ቢሆን ምን ሊያደርግ ይችል ነበር? ንጉሡ ባሕር ማዶ ነው፣ ትእዛዙ ግን እዚህ አለ። መርከቧ ትነሣለች።

ከስቱርቶርየት ቁልቁል ስትወርዱ ሼፕስብሩን የተባለው የወደብ ዳርቻ ላይ ትደርሳላችሁ። ቫሳ የተነሣችው ከዚህ አካባቢ፣ ዛሬ በሌለው አሮጌው ቤተ መንግሥት ሥር ካለው ውሃ ነው። ነሐሴ 10 ቀን 1628፣ እሑድ ነበር። የወደቡ ዳርቻ በሰው ተጨናንቋል። ለመጀመሪያው የጉዞ ክፍል የመርከበኞቹ ሚስቶችና ልጆችም እንዲሳፈሩ ተፈቅዶላቸው ነበር። መርከቧ ወደ ደቡቡ ገደል ተጎትታ ከአሥሩ ሸራዎቿ አራቱን ዘረጋች፣ የስንብት መድፍ ተኮሰች። ቀለል ያለ ነፋስ መጣ፣ ዘንበል ብላ ተመለሰች። ሌላ ነፋስ ሲደግማት ግን አልተመለሰችም። በተከፈቱት የታችኛው ረድፍ የመድፍ መስኮቶች ውሃ ገባ። 32 ሜትር ጥልቀት ውስጥ ሰጠመች፤ ከባሕሩ ዳርቻ 120 ሜትር ያህል ብቻ ርቃ። ወደ 30 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ።

አሁን የሁለት ቀን እንግዳ የሆነ ሰው ማድረግ ያለበት ነገር ይኸውላችሁ። ከስሉሰን ወደ ዩርጎርደን ደሴት የሚሄደውን ጀልባ ተሳፈሩ። ለባቡርና ለአውቶቡስ የምትቆርጡት የከተማው ትራንስፖርት ትኬት ይሠራል፤ ቱሪስት መርከብ አያስፈልጋችሁም። የምትሄዱበት ውሃ ቫሳ የሄደችበት ውሃ ነው። ወደ ዩርጎርደን ስትቃረቡ በስተቀኝ ቤክሆልመን የምትባል ትንሽ ደሴት ትታያለች፤ የሰጠመችው እዚያ አጠገብ ነው። እኔ ዘወር ብዬ የተነሣሁበትን ስፈልግ የጋምላ ስታን ቤቶች አሁንም ቅርብ ነበሩ። የአንድ መንግሥት ኩራት የሆነች መርከብ ጉዞዋ በሙሉ ይህን ያህል ነበር፣ ጀልባ ላይ ቡና እስኪቀዘቅዝ።

ወሬው ፕሩሲያ የነበረው ንጉሥ ዘንድ ለመድረስ ከሁለት ሳምንት በላይ ፈጀ። ንጉሡ ተቆጣ፤ ጥፋተኞቹ ተፈልገው ይቀጡ አለ። ካፒቴኑ ሶፍሪንግ ሃንሶን ታስሯል። በመስከረም መጀመሪያ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ችሎት ተቀመጠ። መድፎቹ በደንብ አልታሰሩም ነበር? ታስረዋል። መርከበኞቹ ሰክረው ነበር? አልሰከሩም። ታዲያ ሠሪዎቹ ናቸው? እነሱም በተሰጠን ልክ ነው የሠራነው አሉ። ልኩን ያጸደቀው ማን ነው? ንጉሡ።

እዚህ ላይ ጥያቄው ቆመ። እኛ አገር «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይባላል፤ የስዊድን መኳንንት አማርኛ ባያውቁም የተረቱ ፍሬ ነገር የገባቸው ይመስለኛል። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሲጠየቅ ከሠሪዎቹ ወገን የመጣው መልስ እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው የሚል ነበር። ማንም አልተቀጣም። ለካፒቴኑ ደስ ብሎኛል። ግን አስቡት፣ ማንም ያልተቀጣው ማንም ስላላጠፋ አይደለም። ክሩ እየተመዘዘ ሲሄድ የሚደርስበት ቦታ ስለሚያስፈራ ነው። ያ ፍርሃት ደግሞ 30ዎቹ ሰዎች ሩጫቸውን ሲያቆሙ አፍን የዘጋው ያው ፍርሃት ነው።

መድፎቿ አብዛኞቹ በ1660ዎቹ በደወል ቅርጽ በተሠራ የጠላቂ መሣሪያ ተለቅመው ወጡ። ከዚያ ቫሳ ተረሳች። በ1956 አንደርስ ፍራንዜን የሚባል ተመራማሪ ፈልጎ አገኛት። ጠላቂዎች ጭቃ ውስጥ ከሥሯ ስድስት ዋሻ ቆፍረው ገመድ አሳለፉ፤ ሚያዝያ 24 ቀን 1961 ከ333 ዓመት በኋላ የውሃውን ገጽ ሰንጥቃ ወጣች። ያልበሰበሰችበት ምክንያት የባልቲክ ባሕር ጨው ዝቅተኛ መሆኑ ነው፤ የመርከብ እንጨት የሚበላው የባሕር ትል እዚያ አይኖርም። እንጨቱ ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ለ17 ዓመት ኬሚካል ተረጨበት። ዛሬ ያለችበት ሙዚየም የተከፈተው በ1990 ነው።

ውስጡ ጨለም ያለ ነው። ስትገቡ ፊት ለፊት ትቆማለች፣ ግዙፍ፣ ጥቁር ቡናማ፤ ያ ሁሉ ቀለም ጠፍቷል። ብዙ ሰው ቀና ብሎ ያያታል። እኔ ግን ሁለት ትንንሽ ነገሮችን ሳታዩ እንዳትወጡ እላለሁ።

አንደኛው የአናጺዎቹ መለኪያ ነው። መርከቧ ውስጥ አራት ማስመሪያዎች ተገኝተዋል፤ ግማሾቹ 12 ኢንች ባለው የስዊድን ጫማ፣ ግማሾቹ 11 ኢንች ባለው የአምስተርዳም ጫማ የተሠሩ። አንድ መርከብ፣ ሁለት ልክ። ሁለተኛው የሟቾቹ አፅም ነው። ስማቸው ስላልታወቀ በፊደል ነው የሚጠሩት። «ጂ» የተባለው ለብዙ ዓመት ወንድ ነው ሲባል ቆይቶ በ2023 ይፋ የሆነው የዲኤንኤ ምርመራ ሴት መሆኗን አሳየ። ችሎቱ ስለ መድፍና ስለ ገመድ ሲጠይቅ፣ ለአጭር ጉዞ የተሳፈረች ይቺ ሴት 400 ዓመት ሊሞላት ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ሴትነቷ እንኳ አልታወቀም ነበር።

ቫሳ እህት መርከብ ነበረቻት፣ ስሟ ኤፕለት፣ ትርጉሙም ፖም። በ1629 ውሃ ላይ ወረደች። ከቫሳ ሰፋ ተደርጋ ነው የተሠራችው፤ ለዚህም ነው ሠሪዎቹ ችግሩን ሳያውቁት አልቀሩም ብዬ የማምነው፣ አፋቸው ያልተናገረውን እንጨቱ ላይ አስተካከሉት። ኤፕለት ሳትገለበጥ ወደ 30 ዓመት አገለገለች፤ ስታረጅ ሆን ተብሎ እንድትሰጥም ተደረገ። ስብርባሪዋ ቫክስሆልም አካባቢ መገኘቱ የተረጋገጠው በ2022 ነው። የተሳካላት እሷ ናት፣ ግን ሙዚየም የላትም፤ አሁንም ባሕር ሥር ተኝታለች።